ይጠብቃል

ኮዬ ፈጬ ዳር፣ ከብሎኩ ሥር፣ ክንድ ከስንዝር በምትሆን ሱቅ
ስልክ እጠግናለሁ፤ የተሰነጠቀ መስታወት ሳላቅቅ፣
የቻርጀር አፍ ስበይድ ይመሻል። ሊፍቱ አልተገጠመም ገና፤
ሰው ሶፋ አሸክሞ በደረጃው ይወጣል፤ «ቀስ! ወደ ግራ! አቅና!»

ማክሰኞ ነው፤ የውሃ ቀን። ከነጀሪካኗ ተሰልፋ
ቆይታ መጣች፤ ስልኳን በመስኮቴ አሳልፋ፣
«ባትሪው አይበረክትም» አለችኝ፣ «ጠዋት ሞልቼው ስወጣ
ከምሳ በፊት ይሞታል፤ ሲጠፋ ደግሞ፣ ማታ ጣጣ።»

ከፈትኩት። ባትሪው ደህና ነው፤ አላበጠም።
የሚበላው ሌላ ነው፤ ቀን ከሌት ቆሞ፣ አንዴም አልተቀመጠም፤
ያለችበትን ለአንድ ቁጥር ሲልክ ይውላል፣
መልእክቷ ሁሉ ሌላ ስልክ ላይ ይዘላል።

«ማነው ይህን የከፈተው?» አልኩ፣ ካቻቢቴዬን አኑሬ።
«ባሌ ነዋ። ይጠብቃል።»
ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ፣ ታጥሬ።

አማርኛችን ተንኮለኛ ናት።
ጠበቅ አድርገሽ ስታነቢው፣ «ይጠብቃል» ዘበኛ ነው፤
ላላ አድርገሽ ስታነቢው፣ ገመድ ነው።
ፊደሉ ሲላላ ነው፣ ቃሉ አንገት ላይ የሚጠብቀው።

«ማታ ማታ ስልኬን ያያል፤ ባል አይደል? ምን አለበት?
የቴሌብሬን ቁጥር ያውቃል፤ ደሞዜን እሱ ነው የሚያዝዝበት።
ታክሲው ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ ከቱሉ ዲምቱ፣
ያለሁበትን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ ከነመስኮቱ።
እህቴን ከቴሌግራሜ አጥፍቷታል፣ ታበላሽሻለች ብሎ።
መትቶኝ ግን አያውቅም። አንዴ ነው፤ እሱም ጠዋት አለቀሰ፣ እግሬ ላይ ተንከባሎ።»

ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፣ ጀሪካኑን እያየች፦
«አንድ ፎቶ አለው» አለች፤
«የሁለታችን ብቻ የነበረ።
ብትሄጂ አባትሽ ስልክ ላይ ይደርሳል ብሎኛል።»

ዝም አልኩ።
እኔንም ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መልሶኝ ነበር፣
«ገመናሽን ሸፍኚ» እያለ።
ሸፍኜ ሸፍኜ፣ ከሽፋኑ ሥር ሰው አልቀረም ነበር።

«አጥፊልኝ በቃ!» አለች። አላጠፋሁም።
«ዛሬ ብናጠፋው ማታ ያውቃል፤
ያወቀ ለታ ነው የሚከፋው።
ይላክ፤ ተይው። ስለ መሄድ ግን በዚህ ስልክ አታውሪ፣ አትፈልጊም።
የዛተብሽን እንዳትሰርዢ፤ በሌላ ስልክ ይነሳ፣
የምታምኛት ሴት ዘንድ ይቀመጥ።
ፎቶውም ቢወጣ፣ የሚያፍረው የላከው ነው።
ደግሞ አድራሻው የማይነገር ቤት አለ፤
አራት ወር አድሬበታለሁ።
ብየዳ የተማርኩት እዚያ ነው።»

አላለቀሰችም። የእህቷን ቁጥር በቃሏ ታውቀው ነበር፤
በሱቁ ስልክ ደወለች፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ።
እኔ ደረሰኝ ጻፍኩ፦ ስመኝ። ባትሪ ታዟል። ሐሙስ ትምጣ።
ካርታው ላይ የምትቆምበት ምክንያት እንዲኖራት፣
ሐሙስም፣ ከሐሙስ ወዲያም።

ሁለት ሐሙስ መጣች። በሦስተኛው ደጀኔ ራሱ መጣ፤
ጨዋ ሰው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ደረሰኙን በእጁ ይዞ።
«ይሄ ባትሪ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ ፈገግ ብሎ።
«ከመርካቶ» አልኩት። «አልቋል አሉ።»
እጄ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ካቻቢቴውን ጨብጬ ነበር፣ ምን ላደርግበት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ውሃ ሳይመጣ የቀረ ለታ፣
የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የእህቷ ድምፅ ነው።
«ደህና ናት» አለችኝ፤ ሌላ ምንም።
የት ናት አላልኩም።
አለመጠየቅም ይጠብቃል፤
ይሄኛው፣ ጠብቆ የሚነበበው ነው።

ስልኩ ግን እቤት አለ አሉ፣ ከግድግዳው ተሰክቶ፣
ባትሪው መቶ በመቶ፤
የሌለችበትን ቦታ
ሲልክ ያድራል፣ ሲልክ ይውላል።